ሁለተኛው ካርድ

ምግብ እየበላችሁ ከሆነ ይሄን አቆዩትና ስትጨርሱ አንብቡት። እኔ ያን ቀን የበላሁት ሁሉ ወጥቶብኛል፤ እናንተም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ካምባ ተወልጄ አሥራ ሁለተኛን አርባ ምንጭ ጨረስኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር ወደ ካምባ መመለሱ አልዋጥ አለኝና እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጠርኩ። ሙዚቃ ቤት ስላችሁ ሙዚቃ የሚጫወትበት እንዳይመስላችሁ። ስልካችን ውስጥ ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ የነበረችበት ዘመን ነው። ሰው ካርዱን አውጥቶ ይሰጠናል፣ እኛ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም እንጭንለታለን። አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አብዛኛው ግን "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ካርዱን ጥሎልን ይሄዳል። እዚያች ካርድ ውስጥ ከዘፈኑ ሌላ ሚስቱ፣ እናቱ፣ ልጁ እንዳሉ ማን ያስባል? ማንም።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ መኮንን ይባላል። አርባን ያለፈ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሴቱን ሁሉ "እህቴ" የሚል ሰው ነው። የተበላሸ ካርድ ሲመጣለት ፎርማት ያደርግና በእንግሊዝኛ ፊደል "መኮ" ብሎ ስም ይሰጠዋል። "ነፃ ማስታወቂያ" ይላል። ካርዱን የትም ብትሰኩት "መኮ" ብሎ ነው የሚከፈተው። የኔም፣ የጓደኞቼም፣ የሲቀላ ግማሽ ሰው ካርድ "መኮ" ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ገነት የጨንቻ ልጅ ናት። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር፣ እሷ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና። ሶዶ ያለ አንድ ሹፌር ሽማግሌ ልኮባት ሠርጓ ተቃርቧል። አንድ ቅዳሜ "ታዱ፣ የሠርግ ዘፈን ሙይልኝ" ብላ ካርዷን ሰጠችኝ። ጫንኩና ማታ ቤት ስገባ መለስኩላት። እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ገነት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሱቁ በር ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ዛሬም በትክክል ልነግራችሁ አልችልም።

"ውጪ" አለችኝ።

"ምን ሆነሻል? ደንበኛ አለኮ።"

"ውጪ አልኩሽ! ወይስ እዚሁ ላውራው?"

ወጣሁ። ከባጃጆቹ ጀርባ ጎትታ ወሰደችኝ።

"አስተናጋጆቹ ስልክ ላይ ነኝ" አለች። "ጠዋት ስገባ ሳቁ። ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ አንዷ አዝናልኝ አሳየችኝ። በብሉቱዝ ሲቀባበሉኝ ነው ያደሩት።"

"ምኑን?"

"ቀሚሱን ስለካ ያነሳሁትን ነዋ! በውስጥ ልብስ ያለሁበትን! ለእሱ ብቻ ብዬ ያነሳሁትን!"

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እጄን እንደ እሳት ሸሸችው።

"ካርዱን ከእኔ ሌላ የነካሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"ገኒ፣ እናቴ ትሙት…"

"እናትሽን ተያት! እሷ ምን አጠፋች? ማን እንዲሸጠው ሰጠሽው?"

"ለማንም አልሰጠሁም።"

"እንግዲያው ካርዱ በእግሩ ሄደ?" መሬቱ ላይ እንትፍ አለች፤ ጫማዬን ሳተችው። "እስከ ማታ እጠብቅሻለሁ። ማን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ ነው የማወራው። ሆቴሉም፣ ሰፈሩም፣ ካምባ ያሉት ዘመዶችሽም ይስሙት።"

ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። በትንሽ ከተማ የሴት ልጅ ስም አንዴ ከወጣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። የገነት ስም ጠዋቱን ወጥቷል። የኔ ደግሞ እስከ ማታ ነው የቀረው።

ወደ ሱቅ ተመልሼ ደንበኛውን ሸኘሁና ማሰብ ጀመርኩ። ካርዷን ከእጇ ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሰካሁት፣ ጫንኩ፣ ነቀልኩ፣ ኪሴ ገባ። ለማንም አልሰጠሁም፣ ከአጠገቡም አልተነሳሁም። ስለዚህ ወይ እኔ ነኝ ወይ ማሽኑ ነው። እኔ ደግሞ አይደለሁም።

ቀትር ላይ ጋሽ መኮንን እንደ ልማዱ ምሳውን በልቶ ጋደም ሊል ባጃጅ ይዞ ሴቻ ወዳለው ቤቱ ወጣ። በሩን መለስ አደረግኩና የራሴን ካርድ ከስልኬ አውጥቼ ሰካሁት። ተከፈተ። ስሙን ሳየው "መኮ1" ይላል።

ይሄን አንድ ቁጥር መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ ይመጣል፤ የማሽኑ አመል ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ደሜ ፈልቶ ስለነበር ምንም ነገር እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። ለብሩክ ደወልኩ። ብሩክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ቫይረስ ማሽናችንን እየደጋገመ ሲገድለው ዊንዶውሱን አውጥቶ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነልን እሱ ነው።

"ብሩኬ፣ አንድ ካርድ ሰክቼ 'መኮ1' የሚለኝ ለምንድነው?"

"'መኮ' የሚባል ሌላ ካርድ ቀድሞ ስለተከፈተ ነዋ። ስም ሲደገምበት ቁጥር ይጨምርበታል።"

"የተሰካው አንድ ነው እኮ።"

"ሁለት ነው።"

"ዓይኔ ሥር ነው ያለው! አንድ ነው አልኩህ!"

"እንግዲህ ከአንቺ ዓይንና ከከርነሉ አንዱ ይዋሻል" ብሎ ሳቀ። "ከርነሉ ደግሞ መዋሸት አያውቅበትም።"

ከርነል ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የነገረኝ። ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ተቀምጦ ማሽኑን የሚያስተዳድር ነው። ካርድ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ፕሮግራም መጥቶ "ይሄን ካርድ ክፈትልኝ" ይለዋል፣ እሱም ይከፍታል። እኛ ካርዱ በራሱ የተከፈተ ይመስለናል እንጂ በራሱ የሚከፈት ነገር የለም። ሁልጊዜ ክፈት ያለ አለ።

"ታዲያ ክፈት ያለውን ማየት ይቻላል?"

"ይቻላል፣ መከታተያ አለው። ካርድ በተከፈተ ቁጥር ማን እንደጠየቀ ይጽፍልሻል። ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ።"

ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። "ያቺን የተጋደመች መስመር ጻፊ… አይደለም፣ ወደዚያኛው የተጋደመችውን… አሁን ባዶ ቦታ ተዪ…" ላቤ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ከውጭ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጋሽ መኮንን የመጣ እየመሰለኝ ጣቴ ይስታል። በመጨረሻ ማሽኑ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ብሩክ "ያኔ የሰጠሁትን ካልቀየረው…" ብሎ ነገረኝ። አልቀየረውም፤ ገባሁ።

"አሁን ካርድሽን ንቀዪና መልሰሽ ሰኪው።"

ነቀልኩ። ሰካሁ። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ወጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ።

"ሁለት ነው" አልኩ።

"ነገርኩሽ። አንብቢልኝ።"

"የታችኛው የኔ ካርድ ነው፤ እሱን ክፈት ያለው ዴስክቶፑ ነው ይላል። የላይኛው ሌላ ነው። ከኔ ቀድሞ ነው የተከፈተው። የጠየቀው… ቢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኬ፣ ዩ፣ ፒ።"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩት።

"ብሩክ? ተቋረጠ እንዴ?"

"አልተቋረጠም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ፤ ሳቁ የለም። "ጋሽ መኮንን ነው ያሠራኝ። ባካፕ ብሎ። ደንበኛ ካርዱ ሲበላሽበት ዘፈኑን መልሰን እንድንሰጠው፣ ካርድ በገባ ቁጥር ማንም ሳያዝ ሌላኛው ካርድ ላይ እንዲገለበጥ።"

"ዘፈኑ ብቻ?"

"ሁሉንም ነው ያለኝ።"

"ፎቶም?"

"ታዱ፣ እኔ አልጠየቅኩትም እኮ።"

"ሁሉንም ሲልህ 'ለምን?' አላልከውም?"

"ፈተና ላይ ነኝ… ስሜን እንዳታነሺ፣ እሺ? በእግዚአብሔር።" ዘጋው።

ስልኩን ወርውሬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የማሽኑ ጀርባ በጣውላ የተዘጋ ነው፤ አቧራ እንዳይገባ ነው ሲል አምነነው ነበር። ጣውላውን ጎትቼ ነቀልኩት። በረሮዎች ተበታተኑ። ከኋላ፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ የካርድ ማንበቢያ ተሰክቷል። ፕላስተሩ ሥር ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እየገለበጠ ነው። በዚያች ደቂቃ የሚገለብጠው የኔን ካርድ ነው። ታናሽ እህቴ በምረቃዋ ልብስ፣ እናቴ ስትስቅ፣ እኔ ራሴ። ዓይኔ እያየ ዋጠን።

ሰውየው ያን ካርድ ራሱ ፎርማት አድርጎታል። በልማዱ የራሱንም "መኮ" ብሎታል። ነገሩን ያወጣው ይሄው ነው። ሌላ ስም ቢሰጠው ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጬ ካርድ እሰካለት ነበር።

ከፈትኩት። በየወሩ የተደረደሩ ፎልደሮች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ለብቻው፣ "ምርጥ" የሚል። ያየሁትን ሁሉ አልነግራችሁም፤ የሰዎቹ ስለሆነ። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ጡታቸው ላይ የወጣውን ቁስል ለሐኪም እንዲያሳዩበት ሰው ያነሳላቸው ፎቶ ነበር። እሱን "ምርጥ" ውስጥ አስገብቶታል። መርጦ፣ በእጁ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ስቤ አስታወክኩ።

አፌን ጠርጌ ገነትን ደውዬ ጠራኋት። ልትሰድበኝ ነው የመጣችው። ምንም አላልኳትም፤ ካርዷን ተቀብዬ ሰካሁና ቀዩን መብራት በጣቴ አሳየኋት። ከዚያ "ምርጥ" ውስጥ ራሷን አገኘች። የደንበኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች።

"ታዱ" አለች፣ "እንትፍ ያልኩብሽ…"

"ጫማዬን ስተሽዋል፤ ተዪው።"

ማንበቢያውን ነቅዬ ስነሳ ጋሽ መኮንን በሩን ገፍቶ ገባ። ጣውላውን አየ። እጄን አየ። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር በሩን ከኋላው መዝጋት ነው።

"ልጄ፣ ተረጋጊ። የያዝሽው የሥራ ዕቃ ነው።"

"ሥራህ ይሄ ነው?" ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

"እኔ የማንንም ልብስ አላወለቅኩም። ራሳቸው ያነሱት ነው። ካፈሩበት ለምን አነሱት?"

"ለማን ነው የጫንከው?" አለች ገነት።

"ልጆች ናቸው እህቴ… 'ልዩ' ጫንልን ይላሉ። እኔ ባልጭን ሌላው ይጭናል።" እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ይሄ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው። በየሰፈሩ አውርታችሁ ጎሜ አታምጡብን።"

ጎሜ በጋሞ ሲነኩት ጣጣ የሚያመጣ ነውር ነው፤ በተለይ ተደብቆ ሲኖር። ገነት ከአግዳሚው ተነሳች።

"ጎሜውን ጠረጴዛህ ሥር በፕላስተር ጠቅልለህ አስቀምጠህ እኛ ነን የምናመጣብህ? ከበሩ ዞር በል! ካልሆነ እጮሃለሁ፤ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ውጭ ነው።"

ዞር አለ።

በቀጥታ ፖሊስ ጋ ሄድን። የት ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። ልቤ ቀልሎ ነበር፣ እውነቴን ነው። የኔ ንጽሕና ጥፍር የምታክል ነገር ሆኖ በእጄ ላይ አለ። ይከፈታል፣ ሰውየው ይጠየቃል፣ ከማታ በፊት ስሜ ይተርፋል።

ተረኛው ፖሊስ ማንጎ እየበላ ነበር። ታሪኩን በጥሞና ሰማ፣ ምላሱን መጠጠ፣ "አይ የዘመኑ ሰው" አለ። ጋሽ መኮንንን በስልክ አስጠራው፤ መጥቶ ሸሚዙን እያስተካከለ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ፖሊሱ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር ሰካ።

"ማስረጃው መታየት አለበት" አለ።

ማየት ጀመረ። ማንጎ የነካ ጣቱ ማውሱ ላይ ይጣበቃል። አንዱን ፎቶ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። በበሩ የሚያልፈውን ባልደረባውን "ና እስቲ፣ ይቺን ታውቃታለህ?" አለው። ያኛው መጥቶ ጎንበስ አለ። አንድ ሌላም ተጨመረ።

"ይቺ የእገሌ ሚስት አይደለችም እንዴ?"

"ራሷ ናት! እኔ ጨዋ ትመስለኝ ነበር!"

ሳቁ። ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጋሽ መኮንንን አየሁት፤ እሱም ፈገግ ብሏል። እንደ ቤቱ ነው የተቀመጠው። ለካ እሱ አንድ ሰው አይደለም፤ እየበዛ ነበር ዓይኔ ሥር።

"ጌታዬ" አልኩ፣ "የምትፈልጉት የገነትን ፎቶ ነው። እሱን አይታችሁ ዝጉት።"

"ሥራችንን ታስተምሪናለሽ?" አለና ወደ ገነት ዞረ፤ ከጥርሱ መሃል የማንጎ ክር ተንጠልጥሏል። "አንቺ የትኛዋ ነሽ? ነይ ራስሽን አሳዪን።"

ገነት ግድግዳውን ታያለች። አልተንቀሳቀሰችም።

እዚህ ላይ ጥሩ አድርጋችሁ ስሙኝ፣ በኋላ ሰው ብዙ ስለጨመረበት። የገነት ፎቶ ወጥቷል፤ ማንም አይመልሰውም። የሌሎቹ አብዛኞቹ ግን ገና አልወጡም፤ ቢወጡ ወሬያቸውን በሰማን ነበር። እዚያች ካርድ ላይ ብቻ ናቸው። ካርዷ መዝገብ ቤት ገብታ በየሥርዓቱ እስክትታይ በስንት እጅ እንደምታልፍ አሁን በዓይኔ እያየሁ ነው። ደግሞ ያቺ ካርድ ከሌለች፣ ካርድ ስሰካ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ አለቀልኝ። ይሄንንም አውቃለሁ።

ሄጄ ነቀልኳት። ሰዎቹ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ከማንበቢያው አውጥቼ ጥርሴ መሃል አስገባኋትና ነከስኩ። ቀላል አይደለም፤ የፊት ጥርሴ ጫፍ አብሮ ተሰበረ። ሁለት ቦታ ሆነች። አንዱን ስብርባሪ ደግሜ ነከስኩት። ደምና ፕላስቲክ አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተፋሁ።

ጋሽ መኮንን ነው መጀመሪያ የጮኸው። "ንብረቴን! አያችሁልኝ? እሷ ነበረች የምታሠራጨው፣ ማስረጃውን አጠፋች!"

ፖሊሱ ክንዴን ጠምዝዞ ያዘኝ። "ማስረጃ ማጥፋት ምን እንደሆነ ዛሬ ታውቂያለሽ! አንቺ" አላት ገነትን፣ "ምስክር ነሽ። ስትሰብረው አይተሻል።"

ገነት ከግድግዳው ዞረች።

"እሷ ያደረገችውን አላየሁም" አለች። ድምፅዋ ሆቴል እንግዳ ስትቀበል እንደምትናገረው ረጋ ያለ ነበር። "እናንተ ምን ስታዩ እንደነበር ግን አይቻለሁ። የማን ሚስት ብላችሁ እንደተሳሳቃችሁ ሰምቻለሁ። ባሏን አውቀዋለሁ። ጻፍልኝ፣ እፈርማለሁ።"

ክንዴ ተለቀቀ። ሁለቱ ባልደረቦቹ ሥራ ትዝ አላቸው፤ ወጡ።

"ሂዱ" አለ ፖሊሱ። "ካርድ የለም፣ ክስ የለም። አንተም ሂድ አቶ መኮንን።"

ካርድ የለም፣ ክስ የለም። በማግስቱ ሱቁ ማሽን ላይ ያለው ሁሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ተጭኗል። ብሩክ ይሁን ሌላ ሰው የጫነው አላጣራሁም። ጋሽ መኮንን እስከ ዛሬ የለቅሶ ድንኳን ላይ ቀድሞ ይደርሳል። የሶዶው ሹፌር ሽማግሌዎቹን እንደገና ላካቸው፤ በዚህኛው ነገሩን ለመሰረዝ። ገነት ዓመት ሳይሞላ ሐዋሳ ገባች፤ እየደወለች ጥርስሽን አስተከልሽ ወይ ትለኛለች። አላስተከልኩም።

እኔ ላይ የወጣው ወሬ ይሄ ነው፦ ፎቶ የምትሸጠው ታደለች ነበረች፣ ስትያዝ ካርዱን ዋጠችው። ካምባ ድረስ ደርሷል። አንድ አጎቴ እስካሁን እጄን አይጨብጥም። ላስረዳ ብሞክር "ታዲያ ማስረጃሽ የታለ?" ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ የለኝም።

ይሄን የምጽፍላችሁ ስሜን እንድታጥቡልኝ አይደለም። ምን እንደቀየረኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት መጥፎ ሰው ማለት አንድ የታወቀ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ታገኙታላችሁ፣ ታስይዙታላችሁ፣ ያልቃል። አሁን ግን አንድ ነገር በራሱ ሆነ ሲሉኝ አላምንም። ፎቶው በራሱ ተሠራጨ፣ ወሬው በራሱ ወጣ፣ ልጅቷ በራሷ ተዋረደች ሲሉኝ፣ ክፈት ያለው ማን ነው እላለሁ። ሰው አይወደኝም በዚህ። ግድ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ያልጠበቅኩት። ሴቶች ይመጣሉ። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን የሚያዞሩት፣ እህታቸው ከኔ ጋ እንዳትታይ የሚከለክሉት እነሱው፣ ሰው በሌለበት ሰዓት በሬ ላይ ይመጣሉ። አይቀመጡም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ "እዚያ ካርድ ላይ… እኔ ነበርኩበት?" ይሉኛል። አንዳንዷን ገና ስትመጣ ነው የማውቃት፤ የትኛው ፎቶ እንደሆነ ሁሉ አስታውሳለሁ።

"አልነበርሽም" እላታለሁ።

ትተነፍሳለች። ትሄዳለች። በማግስቱ ገበያ ላይ ስንገናኝ አታውቀኝም።

አንቺም ይሄን የምታነቢው፣ ያኔ ሲቀላ ካርድሽን ጥለሽ ገበያ የሄድሽ ከሆነ፣ እኔ ጋ ድረስ መምጣት አያስፈልግሽም። አልነበርሽም።